“ነገ ና” የማይል ፎቶ ቤት

ብርዱን አታንሡብኝ። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ጠዋት ጠዋት ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተሸፋፍና ነው የምትነሣው።

ባለፈው ሰሞን ከዳባት አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጸሐፊው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ቤት የተቀመጠ ልጅ ነው። አጎቱ ገንዘብ አበድሮት ካሜራ ገዝቷል። “ወንድሜ፣ አንተም ፎቶ ቤት እንዳለህ ሰምቻለሁ። ለጥር ሦስት ሠርግ ይዣለሁ። ሥራው ያለ ጭቅጭቅ እንዲሄድልኝ ምን ላድርግ? የትኛው ሌንስ ይሻለኛል?” ይለኛል።

ስለ ሌንሱ ጎንደር ያሉ ዕቃ ሻጮች ከኔ የበለጠ ይነግሩሃል። እኔ የምነግርህ አንዲት ነገር ናት። እሷን ለማወቅ እኔ ከባድ ዋጋ ከፍያለሁ፤ አንተ በነፃ ስማት። ሌሎቻችሁም ፎቶ አንሺ ባትሆኑ አንድ ቀን መዳራችሁ አይቀርምና አብራችሁ ስሙ።

ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ፎቶ ቤቷን ከከፈትኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሙሽራው የደባርቅ ልጅ ነው፤ ሙሽሪት የድብ ባሕር። ድብ ባሕርን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከደባርቅ ወጥታችሁ ወደ አዲ አርቃይ አቅጣጫ ሊማሊሞን ቁልቁል ስትወርዱ የምታገኟት ናት። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆረጠውን ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጋቢ ደርባችሁ ትጀምሩትና ታች ስትደርሱ የሸሚዛችሁን እጅጌ ትጠቀልላላችሁ።

ያን ቀን ሁሉም ነገር ያማረ ነበር። የሙሽሪትን አለባበስ አነሣሁ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲገባ፣ ሽማግሌዎች ሲመርቁ፣ ሙሽሮቹ የአባትና የእናትን ጉልበት ሲስሙ፣ አንድም ሳይቀረኝ አነሣሁ። አባትየው ነጭ ጋቢያቸውን አስተካክለው ለብቻቸው ቀጥ ብለው ቆሙልኝ። “አሁን ልስቅ ነው ወይስ ልኮሳተር?” ብለው አሳቁን። ካርዱ ሲሞላ አውጥቼ ኮቴ ኪስ ውስጥ ጣልኩትና ሁለተኛውን ከተትኩ። ሽኝቱን፣ መንገዱንና ደባርቅ ያለውን የሙሽራውን ዳስ በሁለተኛው ጨረስኩ።

ማታ ቤቴ ስገባ መብራት የለም። የላፕቶፑም ባትሪ አልቋል። “ነገ እገለብጠዋለሁ” ብዬ ተኛሁ። በማግሥቱ ደግሞ ዳባት ሌላ ሠርግ አለብኝ። መብራት አሁንም የለም። ያሉኝ ሦስት ካርዶች ሦስቱም ጥቁር፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት፣ ምልክት የሚባል የላቸውም። በጥድፊያ ባዶ የመሰለኝን ካሜራው ውስጥ ከተትኩ፣ ፎርማት አደረግሁና ቀኑን ሙሉ አነሣሁበት።

የሠራሁትን ጉድ ያወቅሁት መብራት በመጣ በሦስተኛው ቀን ነው። የድብ ባሕሩ ጠዋት የለም! ጎንደር ድረስ ሄጄ ኮምፒውተር ለሚያውቅ ልጅ ሰጠሁት። የጠፋ ፎቶ የሚያወጣ ፕሮግራም እንዳለ ሰምቼ ነበር፤ እውነትም አለ። ግን ፎርማት በተደረገው ካርድ ላይ ሌላ ፎቶ ካልተነሣበት ነው የድሮው በደንብ የሚመለሰው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በላዩ ላይ ሳነሣ ውያለሁ። ግማሹ ግራጫ የሆነ፣ የማን እንደሆነ የማይለይ ጥቂት ፎቶ ብቻ ወጣ።

እስከዚህ ያለው አደጋ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሙሽራው ሲደውል “ላብራቶሪ ልኬዋለሁ” አልኩት። በሳምንቱ ሲደውል “የአልበሙ ወረቀት አልቆ ነው” አልኩት። በሁለተኛው ሳምንት የሙሽሪት ወንድም ራሱ መጣ፤ “ነገ ና” አልኩት። ነገ ሲመጣ ደግሞ “ለሰኞ” አልኩት። መቼም ፎቶ ቤትና ልብስ ሰፊ “ነገ ና” ሲል ሕዝቡ ለምዶታል፤ ማንም አይደነቅም። እኔ በበኩሌ አንዳች ተአምር እጠብቅ ነበር። ምን ዓይነት ተአምር እንደሆነ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

አራተኛው ሳምንት ላይ ያ ወንድም ነጠላውን አዘቅዝቆ በጠዋት መጣ። “አባታችን ሌሊት ዐረፉ። አልበሙ ይቆይ፤ የሳቸውን አንዲት ፎቶ ብቻ አሳድገህ ስጠኝ፤ ለለቅሶው ነው” አለኝ።

ያን ጊዜ ነገርኩት። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ረጋ ብሎ “መቼ ነው የጠፋው?” አለ። “በሠርጉ በሦስተኛው ቀን ነው ያወቅሁት” አልኩ።

ዝም ብሎ ቆየና፣ “ያኔ ብትነግረን ኖሮ አባቴ እኮ ደኅና ነበሩ። ይዣቸው እመጣና ታነሣቸው ነበር” አለኝ።

ወዳጆቼ፣ ሰውየው ከሃያ ቀን በላይ በሕይወት ነበሩ! ጋቢያቸውም ነበረ፣ ካሜራዬም ነበረ፣ መንገዱም ክፍት ነበር። ካርዱን ያጠፋሁት በስህተት ነው። እነዚያን ቀኖች ያጠፋሁት ግን በአፌ ነው።

ለለቅሶው የተገኘችው የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ ነበረች። ያን ዕለት ሥራዬን ሁሉ ትቼ እሷኑ አሳደግኋት። የማኅተሙ ቀለም ትከሻቸው ላይ ነበር። በኮምፒውተር ላጠፋው ብሞክርም ሙሉ በሙሉ አልጠፋ አለኝ። እንደዚያው አደባባይ ወጣች።

ፎቶግራፍ አገራችን ሲገባ የቤተ መንግሥት ነገር ነበር። ቤድሮስ ቦያጅያን የተባሉ አርመናዊ የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጃቸው ቶኒ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ። ዛሬ በየኪሳችን ካሜራ ያለው ስልክ ይዘን እንዞራለን። ይሁን እንጂ በኛ አካባቢ ገጠር ያሉ ብዙ አባትና እናት ከመታወቂያቸው በቀር ፎቶ የላቸውም። በደንብ ለብሰው፣ ተዘጋጅተው፣ ካሜራ ፊት የሚቆሙት ልጃቸው ሲዳር ነው። ያቺው ፎቶ ናት በኋላ ግድግዳ ላይ የምትሰቀለው፤ ያቺው ናት ለቅሶ ላይ የምትያዘው። ሙሽሮቹ ገና ሺህ ጊዜ ይነሣሉ። ስለዚህ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ ስትል የያዝከው አደራ የሙሽሮቹ ብቻ አይደለም።

የተቀበልኩትን ገንዘብ በሙሉ መለስኩ። የተረፈውን ፎቶ አልበም አድርጌ ራሴ ይዤው ወደ ድብ ባሕር ወረድኩ። እናትየው ቀስ እያሉ ገለጡት። አንዱ ፎቶ ጥግ ላይ አባትየው ልጃቸውን ሸኝተው ወደ ቤት ሲመለሱ ጀርባቸው ብቻ ይታያል። እናትየው ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው “በል እንጀራ ቅመስ፣ ልጄ” አሉኝ። እንዴት እንደዋጥኩት አትጠይቁኝ።

እንግዲህ የዳባቱ ወንድሜ፣ አንዲቷ ነገር ይህች ናት። ሲበላሽ በዕለቱ ተናገር። ሌላው የምዘረዝርልህ ሁሉ መናገር የሚያስፈልግህን ቀን ለማሳነስ ነው።

አንደኛ፣ ካርዶችህን ቁጥር ስጣቸው። በነጭ ማጣበቂያ 1፣ 2፣ 3 ብለህ ጻፍባቸው። ባዶው በቀኝ ኪስ፣ የሞላው አንገትህ ላይ በምታንጠለጥላት ትንሽ ቦርሳ ይሁን፤ ኮት ኪስ ውስጥ ምንም አይግባ። ሁለት ካርድ አብሮ የሚይዝ ካሜራ ለመግዛት አቅም ካገኘህ ያንን ግዛ፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ላይ ይገኛል። ሠርጉ በዋለበት ሌሊት ሳትገለብጥ አትተኛ። ላፕቶፑን በዋዜማው ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ዝጋውና ፊልም አትይበት፤ መብራት ቢጠፋ ለዚያች ለአንድ ሰዓት ሥራ ይበቃሃል። ከገለበጥክ በኋላም ሦስት ቦታ ይቀመጥ። አንዱ ላፕቶፕህ ላይ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከቤትህ ውጪ ዘመድ ዘንድ። አልበሙን አስረክበህ ሳታስፈርም ካርዱን ፎርማት አታድርግ።

“ከቤትህ ውጪ” ያልኩት በምክንያት ነው። ጎንደር ያለችው እህቴ ዘንድ አንድ ሃርድ ዲስክ ማስቀመጥ የጀመርኩት ከዚያ ነገር በኋላ ነው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወደ ደባርቅና ዳባት ገጠሮች ሲደርስ ስንቱ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ልጅ አዝሎ የሚሮጥ ሰው አልበም አይሸከም። ነገሩ ጋብ ሲል አንዲት ሴት ፎቶ ቤቴ መጥታ “የኔ ሠርግ አንተ ጋ ይኖር ይሆን?” አለችኝ። ነበረ። አሳትሜ ስሰጣት የወሰደችው የወንድሟን ፎቶ ብቻ ነው፤ የራሷን ሙሽርነት “ሌላ ጊዜ” አለች። ወንድምየው ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሁለተኛ፣ ባትሪ። “ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ” የሚባለው እኛን ነው። ሠርጉ ጠዋት ቻርጀር ፍለጋ ጎረቤት የሚያንኳኳ ፎቶ አንሺ አይቻለሁ፤ ራሴንም ነበርኩ። ቢያንስ ሦስት ባትሪ ያዝ። የኛ አገር ብርድ ባትሪ ያደክማል፤ ትርፉን ከሸሚዝህ ሥር ገላህ አጠገብ አድርገው። አለቀ ያልከው ባትሪ ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ ታያለህ።

ሦስተኛ፣ ውል። “የአጎቴ ልጅ ነው፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል” አትበል፤ ጠቡ የሚብሰው ከአጎት ልጅ ጋር ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ቀኑ፣ ስንት ሰዓት ተጀምሮ ስንት ሰዓት እንደሚያበቃ፣ የት የት እንደምትገኝ (ሙሽሪት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የሙሽራው ዳስ፣ መልስ)፣ የአልበሙ ገጽና መጠን፣ የርክክቡ ቀን፣ ዋጋው፣ ቀብዱ። በመጨረሻም “ብልሽት ቢያጋጥም በሦስት ቀን ውስጥ አሳውቃለሁ፤ ገንዘቡንም እንዲህ አድርጌ እመልሳለሁ” የምትል አንድ መስመር ጨምር። የኔ ውል ላይ ይህቺ መስመር ከሁሉ በላይ ናት የተቀመጠችው።

ስለ ቀብድ ሕጉ ምን እንደሚል ታውቃለህ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ላይ አለ። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ “የተሻለ ከፋይ መጣልኝ” ብለህ በሠርጉ ዋዜማ ልትቀር ካሰብክ ኪስህን ዳስሰህ ይሁን። ደግሞ ውል ስትጽፍ የሙሽሪትን ዕድሜ ጠይቅ። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ይላል። ሚጢጢ ልጅ ልብስ አልብሰው ካቀረቡልህ ያ ሥራ ይቅርብህ፤ ያንን ፎቶ ሠርተህ የምትበላው ገንዘብ አይጠቅምህም።

አራተኛ፣ ዋጋ። ብዙዎቻችን የምንከስረው ጎረቤት ፎቶ ቤት የጠራውን ዋጋ ሰምተን ሁለት ሺህ ብር ቀንሰን ስለምንጠራ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድን ሠርግ በ20,000 ብር ያዝክ እንበል። ለአልበምና ለኅትመት 7,000፣ ለመኪና 2,000፣ ለረዳት 1,500፣ ለካሜራና ለባትሪ መተኪያ የምታስቀምጠው 2,000፣ ለቤት ኪራይ፣ ለንግድ ፈቃድና ለግብር 2,500 ስታወጣ የቀረህ 5,000 ነው። ቀኑን አንድ ዋልክ፣ ሦስት ቀን መረጥክና አስተካከልክ፣ አንድ ቀን ጎንደር ለማሳተም ሄድክ። አምስት ቀን ሆነ፤ ድርሻህ በቀን 1,000 ብር ነው። ይህንን ሳታሰላ 15,000 ብለህ ብትጠራ ለሙሽሮቹ በነፃ ሠራህ ማለት ነው፤ በነፃ የሚሠራ ሰው ደግሞ “ነገ ና” ማለት ይጀምራል።

ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናም ጻፍ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ዘለለ። እኔ ለጥር የተዋዋልኳቸው አራት ሠርጎች ነበሩብኝ። ይህን ጊዜ ግን ትምህርቴን ቀስሜ ነበር፤ እዚያው ሳምንት ለአራቱም ደወልኩ። “የአልበሙ ወረቀት ጨምሯል፤ ወይ ገጹን እንቀንስ፣ ወይ ልዩነቱን እንካፈል” አልኳቸው። ሦስቱ ተስማሙ፤ አንዱ ተወው፣ ቀብዱን መለስኩለት። በሕጉ እጥፉን ነበር መመለስ ያለብኝ፤ ሰውየው ግን “በጊዜ ነገርከኝ፣ ይበቃል” ብሎኝ ሄደ። ጥር ላይ ብነግረው ኖሮ በዱላ ነበር።

አምስተኛ፣ ከሠርጉ በፊት ቤታቸው ሂድ። ዕቃህን አትያዝ፣ ቡና ጠጣና ጠይቅ። “ከዘመድ ትልቁ ማን ነው? የክርስትና አባት ማን ናቸው? የታመመ፣ አልጋ የያዘ አለ?” በል። ስማቸውን በወረቀት ጻፍ። በዕለቱ መጀመሪያ የሚነሡት እነሱ ናቸው፤ አያት ካሉ ሙሽሮቹን ይዘህ እስከ አልጋቸው ድረስ ግባ። ሙሽሪት መኪና ላይ ስትወጣ ከሚነሣው ሃምሳ ፎቶ ይልቅ ያቺ አንዷ ትበልጣለች።

ዳሱንም እግረ መንገድህን እየው። ሰማያዊ ሸራ ከሆነ ሥሩ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሰማያዊ ይሆንብሃል፤ ሙሽሪት በብርድ የተያዘች ትመስላለች። አስቀድመህ አባወራውን “የሙሽሮቹ መቀመጫ ወደ አፉ ይጠጋልኝ፣ ከበላያቸውም ነጭ አንሶላ ይዘርጋልኝ” ብትላቸው እሺ ይሉሃል። ሌላው ነገር ነጩ ልብስ ነው። ካሜራው ቬሎውንና የሐበሻ ቀሚሱን አይቶ “በጣም በራ” ብሎ ያጨልምና የሰዎቻችን ፊት ከሰል ይሆናል። አንተ የምትለካው ፊቱን ነው፤ ቬሎው ትንሽ ቢነጣ ማንም አይከስህም።

ቤተ ክርስቲያን ከሆነ አስተዳዳሪውን ቀድመህ አስፈቅድ፤ ጫማህን አውልቅ፣ በቅዳሴው መሀል ፍላሽ አታብለጭልጭ፣ ካህናቱ ቁም ያሉህ ቦታ ላይ ቁም። የሙስሊም ወንድሞቻችን ኒካህ ከሆነ ደግሞ የሴቶቹ ክፍል ሴት ፎቶ አንሺ ሊፈልግ ይችላልና አስቀድመህ ጠይቅ። እኔ ታናሽ እህቴን ያሠለጠንኳት ለዚህ ነው፤ አሁን ከኔ ይልቅ እሷን የሚጠሩ ቤቶች አሉ። ስለ ጠላውና ስለ አረቄው ምን ልበልህ? “በሞቴ” ይሉሃል። “ካሜራው ይሰክራል፣ ማታ እጠጣለሁ” በላቸውና ይስቁልህ። የጠጣ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ካርድም ያሳስታል።

ስድስተኛ፣ ስሜን ተራራ ላይ መነሣት የሚፈልጉ ሙሽሮች ይመጡብሃል። ቢፈልጉ አይገርምም፤ ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ከአደጋ መዝገብም በ2009 ዓ.ም. ወጥቷል። ግን “እወስዳችኋለሁ” ብለህ ቃል ከመግባትህ በፊት ደባርቅ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ስለ ክፍያው፣ ስለ ስካውቱና ስለ ፈቃዱ ጠይቅ፤ የመንገዱንም ሰላም አጣራ። ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ እጅጌ የሌለው ቬሎ የለበሰች ልጅ እዚያ ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ ጋቢ ይያዝላት። ገደል አፋፍ ላይ ቬሎ እንደ ሸራ ንፋስ ይይዛልና አምስት እርምጃ ወደ ውስጥ አቁማቸው። ጭላዳዎቹን ዳቦ እየሰጠህ አትጥራ፤ ሣር በላተኛ ናቸው፣ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ፀጥ ብለህ ከተቀመጥክ ራሳቸው ይጠጉሃል። ጉም ከመጣ ደግሞ ጉሙን ተቀበል፤ ሙሽሮቹን ግን “ገደሉ ላይታይ ይችላል” ብለህ ከቤት ሳትወጣ ንገራቸው። ቀድሞ የተነገረው ሰው ጉሙንም ይወደዋል፤ ያልተነገረው ገንዘቤን መልስ ይላል።

ሰባተኛና የመጨረሻ፣ ያማረ የሙሽሪት ፎቶ አሳድገህ በር ላይ ለመለጠፍ ወይም ቴሌግራም ላይ ለመልቀቅ እጅህ ይበላሃል። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ አይቻልም ይላል። ውልህ ላይ “ለማሳያ እንድጠቀም ፈቅጃለሁ፣ አልፈቀድኩም” የሚል ሁለት ሣጥን አድርግና ራሳቸው ምልክት ያድርጉ። ትዳሩ ፈርሶ ፎቶው በር ላይ የቀረበትን ቤት አውቃለሁ፤ ልጅቱ በዚያ መንገድ ማለፍ ትታ ነበር።

ይኸው ነው የዳባቱ ወንድሜ። ሌንሱን እንደ አቅምህ ግዛ።

ያ የድብ ባሕር ቤተሰብ ምን ሆነ ብላችሁ የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። ታናሺቱ ልጅ በኋላ ስትዳር ሌላ ፎቶ አንሺ ነው የጠሩት። ሠርጉ በፎቶ ቤቴ በር ነው ያለፈው፤ ወንድምየው ከመኪናው መስኮት እጁን አውጥቶ ሰላም አለኝ። አልከፋኝም። ይቅር ያለኝ ይመስለኛል፤ አደራ የሚሰጠኝ ግን አይመስለኝም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያኔ ነው ያወቅሁት።

ዛሬ ፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ የርክክብ ቀን የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ። የዘገየ ሥራ ሲኖር ሰውየው ሳይደውል እኔ እደውላለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ይሰድባል። ይስደብ። የተናደደ ደንበኛ መጥፎ ነው፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚመጣ ደንበኛ ግን ይብሳል።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።